አሥራ አንድ ሰከንድ

ሃያ ሁለት ጥያቄ ይዤ ከደሴ በሚኒባስ ወረድኩ፣
ሐይቅ ዳር፣ ከታንኳው ጥግ፣ አንድ መረብ ጠጋኝ ፊት ቆምኩ።
ሙሄ ልበላቸው፤ ስማቸው ሌላ ነው፣
ምክንያቱ ኋላ ነው።

«በቀን ስንት ኪሎ ያገኛሉ?» «እንደ ቀኑ ነው» አሉኝ።
«በአማካይ?» ብዬ ብገፋ፣
«አማካይ የሚባል ዓሣ አላውቅም» ብለው ሳቁብኝ።
በሣጥኑ ውስጥ «መልስ የለም» ብዬ ጻፍኩ፣
ዘጠነኛውን ጠየቅኩ፦
«ካለፉት ዓመታት ጋር ሲያዩት ምርቱ ለምን ቀነሰ?»
መርፌው አየር ላይ ቆመ።
የታንኳው ጥላ ውሃው ላይ ሄዶ ተመለሰ።
ሌላ ምንም የለም።
ወደ አሥር አለፍኩ፤ ሚኒባስ ሰው አይጠብቅም።

ደሴ፣ የጦሳ ጉም መስኮቱን ሲልስ፣
መምህርት ሉባባ ጽሑፌን አነበቡ እስከ መጨረሻው ድረስ።
ቀይ እስክሪብቶ አላነሡም።
«ድምፁን አሰሚኝ» ብቻ አሉ።

መርፌ ሲቆም አይሰማም። የሚሰማው ወፍ ነው፣
ውሃ ታንኳ ሲመታ፣ ቀጥሎ የሰው ትንፋሽ ነው፣
ሊናገር የተነሣ ትንፋሽ፤
ከዚያ እኔ፣ እንደ ዘበኛ ፉጨት፦ «አሥረኛ ጥያቄ!»
መልሰው ከፈቱት። ቆጠሩ፣ ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ፦
«አሥራ አንድ ሰከንድ ሰጡሽ። ምነው ጣልሽው?» አሉኝ ሳይቆጡ።
«ዝም ያለ ሰው ጓዳ ገብቶ ነው፤ የሚያወጣልሽን እየፈለገ።
አንቺ ደጅ ቆመሽ ሳለ፣ ቸኩለሽ ጎረቤት አንኳኳሽ።
ሂጂ ተመለሽ። ጥያቄሽን ቦርሳሽ ውስጥ ቅበሪው፣
እጅሽን ሥራ ስጪው።»

ስመለስ ማክሰኞ ነው፤ ካፊያ ነበር።
የመረቡን ጫፍ ያዝኩላቸው፤ እሳቸው መቋጠር ጀመሩ።
«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው፤
የእናቴን አገር ኩታበርን፣ የአባቴን ሕመም፣ የቤት ኪራዩን ሳይቀር አወራኋቸው።
ወጉ ተገላብጦ እኔ ተጠያቂ ሆንኩላቸው።

ከዚያ መርፌው ቆመ።
ምላሴን በጥርሴ ይዤ ቆጠርኩ። አራት። ሰባት። ዘጠኝ።
አሥራ አንድን አለፈ። ሃያም የደረሰ መሰለኝ።

«ዓሣስ አለ፣ ወላሂ። የጎደለው ቀዛፊው ነው።
ሠላሳ ዓመት ባንድ ታንኳ፣ እኔ መረብ፣ እሱ መቅዘፊያ፤
አንድ ምሽት በሦስት ቆሮሶ ሂሳብ ተቀያየምን።
እሱ በምሥራቁ ዳር ቀረ፣ እኔ በዚህ።
ብቻውን የሚቀዝፍ ሰው መረብ የሚጥለው ባንድ እጁ ነው።»
ቅጼ «ምርት» ይላል፣ «የተፈጥሮ ሀብት» ይላል፤
ለኩርፊያ የሚሆን ሣጥን የለውም።

ስነሣ ጠሩኝ። «ስሙን አትጻፊ። የኔንም ተይው።
አገሩ ጠባብ ነው፣ ወሬ ከታንኳ ይፈጥናል።»
ስለዚህ ሙሄ አልኳቸው። ምሥራቅ ያልኩትም ምሥራቅ ላይሆን ይችላል።

ዛሬ ሰሌዳው ፊት የምቆመው እኔ ነኝ።
«ስንት ሰው ስናናግር ይበቃል?» ይሉኛል።
«አዲስ ነገር መስማት ስታቆሙ» እላለሁ፤ መጽሐፉ እንደዚያ ይላል፤
እኔ ግን አንድ ሰው ዘንድ ሁለቴ ሄጄ፣ ሁለት ሰው ነው ያገኘሁት።
«እ…»ን አትሰርዙ እላለሁ። ሳሉንም ጻፉት።
እንዴት እንደሚጠበቅ ግን በምን ሰሌዳ ይጻፋል?

አሥራ አንድ ሰከንድ ዝም እንበል አልኳቸው ጠዋት።
ቆርቆሮው ላይ ዝናብ። ዚነት እስክሪብቶዋን ታሾራለች።
አንድ ወንበር ተንቋቋ።
ሰባተኛው ላይ አንድ ልጅ ከኋላ እጁን አወጣ፦
«መምህርት፣ ይቺ ፈተና ላይ ትመጣለች?»

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ።
ማስታወሻዬን ከፍቼ ጻፍኩ፦
ሰባት ሰከንድ። ዝናብ። ሳቅ።
ስሙን ተውኩት።